ቃሪያውን ያጠብኩት እኔ ነኝ

ወሬው የደረሰኝ ኪያር እየወለወልኩ ሳለ ነው። የምሠራው ስዊድን አገር፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚመጣውን አትክልት ተቀብዬ በየቦታው የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ስልኬ ከመደርደሪያው ላይ ተንቀጠቀጠ። ካርቱም፣ ዴም ውስጥ፣ በአንድ ሐውሽ፣ ብዙ ተከራይ በሚጋራው ግቢ፣ አብራኝ ያደገችው ሰዓዳ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች።

"ሩቄ፣ እቴ ዘሃራ ወደ አኼራ ሄደች። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት፤ ማተብ ያላቸው ጎረቤቶችም አብረውን ነበሩ። ከጦርነቱ ሽሺ ብንላት እምቢ ብላ፣ እዚያው ግቢዋ፣ እዚያው አልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው። አላህ ይዘንላት በያት።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩና ኪያሩን አስቀመጥኩት። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የመጣው ፍርሃት ነው። ዘሃራ እውነት የመሰላት አንድ ውሸት አብሯት ተቀብሯል። ውሸቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። በውሸቱ የተጎዳችው ደግሞ ሌላ ሴት ናት፤ ጽጌ ትባላለች፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ፣ ይቅር ካላለ አይምርም ብለው ነው ያሳደጉን። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለናንተ ነው፤ በዚያ ሐውሽ ለነበራችሁ፣ ለምታስታውሱም፣ ለረሳችሁም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እያደረች ትሠራለች፤ እመቤቲቱ ልጅ ይዛ እንድትገባ አልፈቀደችም። አባቴ የለም። እናቴ እጄን ይዛ ዴም አመጣችኝና ለአገሯ ልጅ ለዘሃራ ሰጠችኝ። ሁለቱም የወረባቦ ልጆች ናቸው፤ ዝምድና የላቸውም። "አደራ" አለቻት። ዘሃራ "የአላህ አደራ ነው፣ ሂጂ በይ፣ አትዘግዪ" አለች። ከዚያ ወዲህ እናቴን የማያት አርብ አርብ ሆነ።

ዘሃራ ትኩስ አትክልት ትሸጣለች፤ ከሐውሹ በር ላይ፣ ከጆንያ ጥላ ሥር። ኪያር አላት፤ ሱዳኖቹ ዓጁር ነው የሚሉት። ቃሪያም አላት፤ የሚያቃጥለው ቀጭኑ፣ የማያቃጥለው ወፍራሙም። ሌላ ብዙ አትይዝም ነበር። "ሁሉን የያዘ ሁሉን ያበሰብሳል" ትላለች። የዚያን ዓመት ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ እኩለ ቀን ላይ የሰዉ ጥላ እንኳ እግሩ ሥር ይገባል። ፍሪጅ የነበራት ሐውሹን የምታከራየን ባለቤቲቱ ብቻ ነች፤ እሷም መብራቱ እንደ እንግዳ ሲመጣ ደስ ብሏት፣ ሲሄድ እያዘነች ነው የምትኖረው።

ዘሃራ ግን ዚር ነበራት። ዚር ውሃ የሚቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ጋን ነው። እሷ አንገታቸው የተሰበረ ትልልቅ ዚሮችን ለቅማ፣ በያንዳንዱ ውስጥ አነስ ያለ ዚር አስገብታ፣ በመካከሉ አሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን በውሃ ታርሰዋለች። ሸክላው ውሃውን እያላበ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከላይ እርጥብ ጆንያ ይደፋበታል። እንዲህ ያለ ሁለት ነበራት፤ አንዱ ለዕለት ሽያጭ፣ አንዱ ለሚቆይ ዕቃ። ለሚቆየው ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከተከደነ እስከ ቀኑ አይከፈትም።

"እህ፣ ስሚኝ" ትለኛለች፣ በደረቅ ጨርቅ እየወለወለች። "ኪያር ከተቆረጠ በኋላም ነፍስ አለው። ይተነፍሳል። ካፈንሽው ያልበዋል፤ ካላበው ይሟሽሻል። እጅግ ብርድ ላይ ብታውዪውም ይታመማል፤ ባለቤቲቱ ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶው ሥር የከተተችውን አላየሽም? ውሃ ሆኖ ነው የወጣው። ቲማቲም አጠገብ አታስቀምጪው፤ ሙዝ አጠገብም። እነሱ ሲበስሉ እሱን ያስረጁታል።"

"ቃሪያስ?"

"ቃሪያ ጨዋ ነው፤ ብዙ ይታገሣል። ብቻ ጉቶውን አትንኪበት። ጉቶው ክዳኑ ነው። እና ሁለቱንም፣ ልብ በይ፣ የሚበሉ ዕለት ካልሆነ አታጥቢያቸው።"

እኔ አሁን ከምሠራበት ቤት ሥልጠና ሰጥተውናል፤ ሦስት ቀን ሙሉ በስላይድ። ሳታጥቢ አስቀምጪ፣ አድርቀሽ በወረቀት ጠቅልይ፣ ኪያሩን ብዙ ከማይቀዘቅዘው የፍሪጅ ክፍል፣ ከቲማቲምና ከሙዝ አርቂ፣ ከተቆረጠ ሸፍነሽ ቶሎ ተጠቀሚ። ከዘሃራ ያልሰማሁት ነገር አልነበረም፤ እሷ በአሸዋና በጆንያ ነው ያደረገችው።

ስለ ጥቅሙም አፏ አያርፍም ነበር። የጠማው ሁሉ ወደሷ ይመጣል። "ውሃ ብትጠጪ ይወርዳል፤ ኪያር ብትበዪ ይቆይልሻል። ልጣጩን አትጣዪ፤ ለሆድ የሚበጀው እሱ ነው።" የገረጣች ሴት ስታይ ቃሪያ ትጨምርላታለች፤ "ከምስሩ ጋር ጥሬውን ብይው፤ የምስሩን ኃይል ወደ ደምሽ የሚያስገባው እሱ ነው።" ይህንንም ዛሬ እዚህ ያሉት የምግብ ባለሙያዎች በሌላ ስም ይሉታል። ረሱል ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም ኪያርን ከእሸት ተምር ጋር ይበሉ እንደነበር ከሸይኹ ስለሰማች፣ ኪያር ስትሸጥ ፊቷ ላይ ኩራት ነበረ። ግን መድኃኒት ነው አትልም። አንድ ሰውዬ "ስኳሬን ያድንልኛል?" ቢላት "አንተ ሰው፣ እኔ የምሸጠው ሰላጣ ነው፤ ሐኪም ቤት ወዲያ ነው፣ ያላ!" ብላ ሸኘችው።

ጽጌ የዘሃራ የግድግዳ ጎረቤት ነች። የአርማጭሆ ሴት፣ ማተቧ አንገቷ ላይ፣ ድምፅዋ ከሷ ቀድሞ የሚደርስ። ለአገራችን ሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። እሷና ዘሃራ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ የአንዷ እርድ ለሌላዋ አይሆንም። ኪያርና ቃሪያ ግን ሃይማኖት የላቸውም። በየቀኑ ጀንበር ስትጠልቅ አንድ ኪያር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቃሪያው በጨውና በሎሚ ተዘፍዝፎ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ሰው ሲገረም ጽጌ ትስቃለች፤ "እሷ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች፣ እኔ ረቡዕና አርብ። እኛን መጋበዝ ያሰበ ሰው ማክሰኞን ይጠብቅ!"

ሥራም ተካፍለዋል። ዘሃራ እኩለ ቀን ላይ ዕቃ ልትገዛ ወደ ገበያ ስትሄድ፣ የዚሮቹን አሸዋ ውሃ የምታጠጣው ጽጌ ናት። በጣሳ፣ ዙሪያውን፣ አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ ሳታስገባ።

ረመዳን በዚያ ሙቀት ገባ። በእኛ ሰፈር መንገድ ጫፍ አንዲት ሱዳናዊት ሐጃ አሉ፤ በረመዳን አርብ አርብ ምንጣፍ መንገድ ላይ አስነጥፈው መንገደኛውን ሁሉ ጾም እያስፈቱ ያስፈጥራሉ። ከየቤቱ ሰው የአቅሙን ይዞ ይወጣል። ዘሃራ ያን ዓመት ሄዳ "ሐጃ፣ የዚህን አርብ ሰላጣ ለእኔ ይተዉልኝ" አለቻቸው። ለሽያጭ አይደለም፤ ለሰደቃ። ተከራይ፣ የሰው አገር ሰው፣ በቤቷ ለአንድ ሰው የሚበቃ ምንጣፍ እንኳ የሌላት ሴት፣ መንገድ ሙሉ ጾመኛ ልታስፈጥር! ሐጃ እሺ ሲሏት የተመለሰችው እየሮጠች ነው። ማክሰኞ የሚያምረውን ኪያርና ቃሪያ መርጣ፣ አንድ በአንድ ወልውላ፣ የሚቆየው ዚር ውስጥ ደረደረችና ከደነችው።

እኔ ያን ጊዜ ኸልዋ፣ የቁርዓን ትምህርት ቤት ገብቼ፣ እስከ ዙህር መጾም ጀምሬ፣ በጣም አዋቂ ሆኛለሁ። በዚያ ሳምንት ሸይኹ ተየሙም አስተማሩን። ውሃ ያጣ ሰው በንጹሕ አሸዋ እጁንና ፊቱን አብሶ ይሰግዳል፤ ውሃው ሲገኝ ግን ተየሙሙ ይፈርሳል፣ በውሃ ውዱእ ማድረግ ግዴታ ነው። ይህን ስሰማ የዘሃራ አትክልት ትዝ አለኝ። በደረቁ ይታበሳል። አሸዋ ይከበዋል። ውሃ አይነካውም። ለካስ ተየሙም ላይ ነው የኖረው!

በዚያን ሰሞን ቧንቧው ለቀናት ደርቆ፣ ውሃ በአህያ ጋሪ እየተገዛ ነበር። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ቧንቧው ሳል ሳል ብሎ ለቀቀው። ሐውሹ እልል አለ። እኔ ቆሜ አሰብኩ፤ ውሃው ተገኝቷል፤ የጾመኛ ሁሉ ማስፈጠሪያ ደግሞ ውዱእ የለውም። እቴ ዘሃራ ገበያ ናት። ቧንቧው ተመልሶ ቢዘጋስ? አርብ ዕለት መላእክት ያን ሳህን ምን ይሉታል?

ጽጌ ለእንግዶቿ ምሳ እያቀረበች ነው። ዚሩን ከፈትኩ። ትንሿን የውዱእ ጣሳዬን ይዤ፣ ከመታጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና በቢስሚላህ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ኪያሩ ቀላል ነበር፤ ፊትም እግርም አይለይም። ቃሪያው ላይ ተቸገርኩ። በውዱእ አፍንጫም ይታጠባል፤ የቃሪያ አፍንጫው የቱ ነው? አሰብኩና ጉቶው ነው አልኩ። ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ ጉቶውን ነቀልኩት። ሁሉንም። ከነውሃቸው መልሼ ደረደርኳቸው፤ ማድረቅ አጅሩን፣ ምንዳውን የሚቀንስ መስሎኝ። ከደንኩና ጉቶዎቹን ከድንጋዩ ጀርባ ጠረግኋቸው። ለእቴ ዘሃራ ሳልነግራት አርብ ዕለት ሳህኑ ሲያበራ ላስደንቃት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኜ አላውቅም።

አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ዘሃራ ትሪዋን አጥባ፣ ነጠላዋን ለውጣ፣ ዚሩን ከፈተች። ሽታው ቀደማት።

"ጽጌ! ጽጌ፣ ነይ እዪ!"

"ምን ሆንሽ? እባብ ገባበት?"

"እባብ ቢገባበት ይሻለኝ ነበር!" እጇን አስገብታ አወጣችው፤ በጣቶቿ መካከል የሚያሙለጨልጭ ነገር ይንጠባጠባል። "ውስጡን አጠጣሽው!"

"እኔ? አሸዋውን ነው ያጠጣሁት፣ እንደ ሁልጊዜው።"

"ታዲያ ታቹ ላይ ውሃው ከየት አቆረ? ጉቶውስ? እዪው፣ አንድም ጉቶ የለውም! በዚህ ሐውሽ ቃሪያ ገና ስትነካ ጉቶ የምትነቅል ካንቺ በቀር ማነች?"

"ለድስት ስከትፍ ነዋ የምነቅለው! አንቺ ሴትዮ፣ ሙቀቱ አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ?"

የሐውሹ ሴቶች ከየበራቸው ወጡ። ዘሃራ ስታዝን ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ በጣም ዝቅ አለ። "የአንድ አርብ አጅር ነው የለመንኩት። እሱንም ቀናሽብኝ።"

ጽጌ ፊቷ ተለወጠ። "ዘሃራ፣ ይህን ቃል መልሺው።"

ዘሃራ ወደ እኔ ዞረች። "ሩቄ፣ አንቺ ነክተሻል?"

ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። እናቴ አርብ ስለሆነ ካርቱም ሁለት ተነስታ በመንገድ ላይ ናት። እዚህ ካልሆነ የማድርበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ አዋቂዎች ልጅ የተኛ እየመሰላቸው ሲያወሩ ሰምቼዋለሁ።

"ወላሂ አልነካሁም" አልኩ።

"ሰማሽ?" አለች ዘሃራ። "ጾመኛ ልጅ ናት የማለችው።"

ጽጌ አየችኝ። ከዚያ የመታጠቢያውን ድንጋይ አየች። ከዚያ እንደገና እኔን። አፏን ልትከፍት ነበር፤ ዘጋችው። "እሺ" አለች፣ "እኔ ነኝ በያ።" ገብታ በሯን መለሰችው።

ያን ዕለት ዘሃራ ወደ ምንጣፉ አልወጣችም። ክፍላችን ውስጥ በውሃ ብቻ አፈጠረች። እናቴ ያመጣችውን ተምር እንኳ አልነካችም።

በማግስቱ ጽጌ ምድጃዋን እያራገበች ጠራችኝ። መዳፏን ዘረጋች፤ ጉቶዎቹ ናቸው፣ ደርቀዋል። ፍሙ ላይ በተነቻቸው። ተቃጥለው እስኪያልቁ አየን።

"እናትሽ ሌላ የምታስጠጋሽ ሰው አላት?" አለችኝ።

"የላትም።"

"እንግዲያ ሂጂ ተጫወቺ።"

እኔ ምን እንደመሰለኝ ልንገራችሁ። የፈራችኝ መሰለኝ። በአላህ ስም ስለማልኩ የመሐላዬ ኃይል የያዛት፣ ማስረጃውንም ለዚያ ያቃጠለችው መሰለኝ። ወደ ኸልዋ የሄድኩት ቀና ብዬ ነው። ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ራሴ የሰው ልጅ በአደራ ተቀብዬ ሳሳድግ ነው፣ ያቺ ሴት ያን ዕለት ምን እንዳደረገችልኝ የገባኝ።

ወሬው ከሐውሹ ወጣ። "የሰው ሰደቃ ያበላሸች" ተባለ። ለምሳ የሚመጡት፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር፣ እየቀነሱ ሄዱ። ዒድ ሳይደርስ ጽጌ ድስቶቿን በአህያ ጋሪ ጭና ጀብራ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ተዛወረች። ዘሃራ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር፤ አልወጣችም። እኔ በበሩ ቀዳዳ የጋሪውን ኋላ አየሁ፣ የጣሳዎቹን ኳኳታ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ዘሃራ እኩለ ቀን ላይ ከገበያ እየሮጠች ትመለሳለች፤ አሸዋው እንዳይደርቅ። አንዳንድ ቀን አትደርስም፤ ኪያሩ ይጠወልጋል። የዒድ ዕለት ምሽት አንድ ኪያር አንስታ፣ እጇ እንደለመደው ለሁለት ሰነጠቀችው። ግማሹን ከሳህኑ ማዶ አኖረችው። ከዚያ አየችውና ወደ እኔ ገፋችው።

"ብይ" አለችኝ። "ከተቆረጠ አይቆይም።"

በላሁት። ጣዕሙን አሁንም አውቀዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ በስልክ ልነግራት ሞክሬ ነበር። "እቴ፣ ያ የረመዳኑ ቃሪያ…" ስል፣ "የምን ቃሪያ? ይልቅ ልጆችሽ ቁርዓን ጀመሩ?" አለችኝ። ስለ ልጆቼ አወራኋት። ያቋረጠችኝ እሷ ናት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እሷ ግን አላቋረጠችኝም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ነገውን የማውቅ ይመስል፣ ስንት ዓመት አለፈ።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው።

እቴ ዘሃራን ያጠባችሁ፣ የከፈናችሁ፣ በመጨረሻው ቀን ከአልጋዋ አጠገብ የተቀመጣችሁ፤ ስለ ጽጌ ያለችው ነገር ካለ ንገሩኝ። ክፉም ቢሆን ንገሩኝ፤ ደብቃችሁ አታሳርፉኝ። ሰዓዳ፣ ከቀባሪዎቹ መካከል ማተብ ያላቸው ጎረቤቶች ነበሩ ብለሻል። ጽጌ ከነሱ አንዷ ነበረች? ወይስ ከጀብራ ጦርነቱ ወዴት ወሰዳት? ገዳሪፍም ቢሆን፣ መተማም ቢሆን፣ ያየ ይጻፍልኝ። ለዘሃራ ዱዓና ሰደቃ አደርጋለሁ፤ የሷን አላህ ይፍረደው። የጽጌን ግን ገና ልደርስበት እችላለሁ።

ካገኛችኋት በጆሮዋ አትንሾካሾኩላት። ስሟ የጠፋው ሐውሽ ሙሉ ሴት እየሰማ ነው። በሕይወት ያላችሁትን፣ ያን አርብ ከየበራችሁ የወጣችሁትን፣ ልጆቻችሁንም ጭምር ሰብስቡ። ጽጌ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ድምፁ ከፍ የሚል ሰው መካከል ላይ ይቁምና ይህን ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ ያንብብላት።